ገነነ የዓሦቻቸውን ጨለማ ድል የነሡበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ የፍኖተ ሰላሙ ገነነ በመሥሪያ ቤታቸው የንብረት ክፍል ቁልፍ ላይ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ ዓሦቻቸውም ከአዲስ አበባ በፌስታል ውኃ ውስጥ ሆነው፣ በገነነ ጉልበት ላይ ተቀምጠው የዐባይን በረሃ በአውቶቡስ በተሻገሩ በዓመቱ የሆነውን ነገር፣ ምንም ሳንጨምር፣ ብንጨምርም ጥቂት ብቻ ጨምረን እንጽፋለን።

እኒህ ገነነ፣ መዋዔ ጽልመት ገና ሳይባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስጡን፣ ጠመኔ ስጡን፣ መጥረጊያ ስጡን ሲባሉ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ከሥራ ሲገቡ ዓሦቻቸው ፊት ይቀመጣሉ፤ ዓሣ ፈርሞ የሚወስደው ዕቃ የለውምና ይወዷቸው ነበር፤ እጅግ ይወዷቸው ነበር። ነገር ግን የመስተዋቱ ገንዳ የቆመው ከሳሎኑ ጨለማ ጥግ ስለ ነበር ውኃው ዕቃ የታጠበበት ይመስላል፤ ዓሦቹም አሉ ከተባለ በእምነት ነው።

ወእምዝ ባለቤታቸው እመቤት ሠርክአዲስ፣ እናታቸው ወይዘሮ በለጠች ለአስተርእዮ ማርያም ከደምበጫ እንደሚመጡ በሰሙ ጊዜ፣ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማው ንገር። እናቴ መጥተው ያ ጥቁር ውኃ ተገትሮ ቢያዩት ምን ልላቸው ነው? እግራቸው እዚህ ቤት ሲገባ ዓሣው የማይታይ ከሆነ፣ ዓሣው ወደ ላህ ወንዝ ይሸኛል፤ መስተዋቱም የብርጭቆ መደርደሪያ ይሆናል። ይኸን ያፈረሰ ምሳውን ከቢሮው ይፈልግ።»

ገነነም ይህን ሰምተው ለዓሦቻቸው ሠጉ፤ በእጅ ፍርፋሪ ያደገ ዓሣ ላህ ወንዝ ውስጥ አንድ ቀን እንደማያድር ያውቃሉና። ስለዚህ በበዓሉ ዋዜማ፣ ጠዋት፣ ነጋሪት ሳያስጎስሙ ክተት አሉ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ከፊት ፊታውራሪ እጅጉ፣ ባለ ባጃጅ፣ ከገዛ ባጃጁ ግንባር የኤልኢዲ መብራት ጥብጣቡን ገፍፎ ለወዳጁ የሰጠ፣ ስለዚህም ያን ሰሞን ያለ ጌጥ የነዳ፤ በቀኝ ፒንሳ፣ በግራ ካቻቢቴ፣ በደጀን ናስትሮ፤ ስንቅ ደግሞ አንድ የሞተ ሪሲቨር ያወረሳቸው አዳፕተር።

ቆርቆሮ ቆርጠው ለገንዳው ክዳን አበጁ፤ ጥብጣቡን ከክዳኑ ሆድ ለጠፉት፤ እንፋሎት እንዳይገባበት ሲሊኮን ቀቡት፤ የአዳፕተሩን ቀይ ሽቦ ከጥብጣቡ ቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አጋብተው በናስትሮ ጠቀለሉ። ሶኬቱንም ሰኩ። ምንም አልበራም።

እዚህ ላይ ሌላ አገር ያለ ሰው ቢሆን ሽቦውን ይመረምር ነበር። የእኛ ሰው ግን የማይበራ ነገር ሲያይ የገዛ እጁን አይጠረጥርም። ገነነ መብራት ጠፋ ሲሉ ዐወጁ፤ ሠራዊቱም ዐረፈ።

ተቀምጠውም መብራቱ እስኪመጣ ጠበቁ። የጎረቤት ቴፕ ሲዘፍን ተሰማ፤ እጅጉ በጄኔሬተር ነው ሲል ፈረደ። ከመንገድ ማዶ ወፍጮ ሲያጓራ ተሰማ፤ ገነነ በናፍጣ ነው ሲሉ ፈረዱ። የገዛ ማቀዝቀዣቸው ከጥግ ሲያንጎራጉር እንኳ፣ ከትናንት የተረፈ ጉልበት ነው ተባለ። እንዲህ ሲፈርዱ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ወይዘሮ በለጠችም ከደምበጫ ሚኒባስ መሳፈራቸው በስልክ ተሰማ። ገነነ ፈሩ።

ያን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተ። ሠርክአዲስ የእናታቸውን አንሶላ እየተኮሱ ነበር፤ በእጃቸው የያዙት ካውያ ይጤሳል፤ ገመዱም ከግድግዳው ሶኬት ተሰክቷል። ገነነ ካውያውን አዩ፤ ካውያውም ገነነን አየ። እመቤቲቱም የጎጃም ሴት ናቸውና ሁለት ፊት ያለው ዐዋጅ ጣሉ፦

«መብራቱስ አልጠፋም። እዚህ ቤት የጠፋው የሚያበራ ሰው ነው።»

ይህ ቃል ከካውያው ይልቅ አቃጠላቸው። ምን ይደበቃል፣ አፈሩ፤ እጅጉም ጣራ ጣራውን አየ።

ወእምዝ ክዳኑን ገልብጠው ጥብጣቡን ቢመረምሩ፣ ቀዩ ሽቦ የመቀነስ ምልክት ካለበት ቦታ ተበይዶ ተገኘ። ፊታውራሪ እጅጉ ሲፋጠጥ፣ ባጃጁን ያስጌጠ ዕለት ያገኘውን ሽቦ ካገኘው ቦታ መበየዱን አመነ፤ ለእሱ ቀለም ሁሉ ያው ቀለም ነውና። ገነነም የፊተኛውን ጋብቻ አፍርሰው፣ ቀዩን ለጥቁር፣ ጥቁሩን ለቀይ ዳሩ። ሶኬቱ ተሰካ፤ ብርሃንም ሆነ።

ብርሃኑ ግን አህያን ከመንገድ ለማባረር የሚበቃ ነበርና፣ ዓሦቹ ደንግጠው ከገንዳው ድንጋይ ሥር ተሸሸጉ። ውኃው ታየ፤ ዓሣ አልታየም። ወይዘሮ በለጠች ደግሞ መናኸሪያ ወርደው ወደ ቤት እየመጡ ነበር። ገነነ ነጭ የዳቦ ፌስታል ቀድደው ከጥብጣቡ በታች ጋረዱ፤ ብርሃኑም ለዘበ። ከድንጋዩ ሥር አንድ ቀይ ጭራ ብቅ አለ፤ ቆየና ባለቤቱም ተከተለው፤ ኋላም ሁሉም ወጥተው በወርቅ ልብሳቸው ተሰለፉ። የገነነ ዓይን እንባ አቀረረ፤ የሚክድ ካለ እጅጉ ምስክር ነው።

ወይዘሮ በለጠች ገቡ። ልጃቸውን እየሳሙ ሳለ ዓይናቸው ገንዳው ላይ ወደቀ፤ ሁለተኛውን ጉንጭ ሳይስሙ ትተው ሄዱና በገነነ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ዐዋጃቸው ወጣ፦

«ምነው ልጀ ገነነ፣ ይኸን የመሰለ ነገር ይዘህ እስከ ዛሬ ዝም ትላለህ? እኔ እንኳ በዓሉን ውዬ ልመለስ ነበር፤ እንግዲህ ወዴት እሄዳለሁ። የደምበጫው ቤት ይከራይ። በእኔና በዓሣው መካከል ሰው ሲያልፍ እንዳላይ።»

እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሦቹ ከስደት ድነው በብርሃን ይኖራሉ፤ ወይዘሮ በለጠችም በፊታቸው ይኖራሉ። ገነነ ከሥራ ሲገቡ በሩ አጠገብ ዱካ በርጩማ ላይ ይቀመጡና፣ ከአማታቸው ትከሻ በላይ አንገታቸውን አስግገው የአንድ ዓሣ ጭራ ሲያልፍ ያያሉ። ስማቸው እንደ ግብራቸው ለገነነ፣ ለመዋዔ ጽልመት፣ ለፀሐየ ዓሣት፣ ቀይና ጥቁርን ላስታረቁ፣ ሠራዊታቸውን ሁሉ አድነው ዙፋናቸውን ብቻ ላጡ ክብር ይደልዎ፤ አማታቸውም እንቅልፍ የሚወስዳቸው ቀን ይምጣላቸው፤ አሜን።