ሰርቨሩን ሀገርኛ ያደረጉት ኃላፊ

በደብረ ብርሃን፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ኃላፊው አቶ ወልደተንሣኤ ካስመዘገቧቸው ውጤቶች አንዱ የኢሜይል ሰርቨሩን በብርድ ልብስ ማስጠቅለላቸው ነው። «እኛን ያንቀጠቀጠ ብርድ እሱን የሚምረው ይመስላችኋል?» ብለው ነበር።

ባለፈው ጥር ለክትትል ወደ ሰርቨሩ ክፍል ጎራ ሲሉ ግን ከብርድ የከፋ ነገር አዩ። ማሽኑ ላይ 2026 የሚል ዓመት ተጽፏል።

«እሱባለው፣ ዓመቱ ስንት ነው?» አሉት የኮምፒውተር ባለሙያውን።

«2018። እሱ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ...»

«የመብራቱን ማን ነው የሚከፍልለት?»

«እኛ።»

«እንግዲያው በእኛ ይቆጥር።»

በዚያው ዕለት መመሪያ ወጣ፤ በየበሩም ተለጠፈ። ከእንግዲህ የመሥሪያ ቤቱ ሕጋዊ ጊዜ በሰርቨሩ ላይ የሚታየው ጊዜ ነው፤ ያለ ኃላፊው ፈቃድ ሰዓቱን የነካ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። 2018 ተብሎ የተሞላለት ሰርቨር ግን ከፈረንጅ በቀር ሌላ አቆጣጠር አያውቅምና፣ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከውጭ የሚመጣውን ኢሜይል ገና ካልመጣ ዘመን የተላከ ስለመሰለው በር ላይ አስቀረው። የሚወጣውንም ያዘው። የማስተዳደሪያ ገጹ ደግሞ እሱባለውን ራሱን አላውቅህም አለው።

«ሰዓቱ ነው» አለ እሱባለው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም በጥልቀት ከመከረ በኋላ ችግሩ የኔትወርክ መሆኑን፣ ኔትወርኩም ጣርማ በር ላይ በጉም መያዙን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ጉሙ እስኪነሣ በትዕግሥት እንዲጠበቅ አሳስቦም ተበተነ።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ኩብራ ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው መጡ። ቅመም ነጋዴ ናቸው። አዲስ አበባ በሚከፈተው ባዛር ቦታ የሚያገኙት፣ ይህ መሥሪያ ቤት በራሱ የኢሜይል አድራሻ እስከ ስድስት ሰዓት ለአዘጋጆቹ ማረጋገጫ ከላከላቸው ብቻ ነው። አለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«አይጨነቁ» አሏቸው አቶ ወልደተንሣኤ። «በሰርቨራችን መሠረት ባዛሩ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል።»

«ወላሂ? በርበሬ የጫነው መኪና ግን ደጅ ቆሟል።»

«እስቲ እሱባለው፣ በእኔ ስም ግባ። እኔንማ እምቢ አይልም።»

እሱባለው ሞከረ። የመጣለትንም ጮክ ብሎ አነበበ። «የመግቢያ ፈቃድዎ የሚጀምርበት ቀን ገና አልደረሰም።»

ወይዘሮ ኩብራ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «እርስዎ እዚህ ከተሾሙ ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ? ገና አልተሾሙማ። ያኔ ማን ነበር ኃላፊው?»

እሱባለውን ሳል ያዘው። «ወይዘሮ በሰለች ነበሩ። አሁን መዝገብ ቤት ናቸው።»

«አሁን አትበለኝ ወንድሜ። በሩ ላይ የለጠፋችሁትን አንብቤ ነው የገባሁት፤ እዚህ ቤት አሁን የሚባለው ሰርቨሩ ያለው ነው። ጥራልኝ።»

አቶ ወልደተንሣኤ መመሪያውን ለመሻር አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊርማው የራሳቸው መሆኑ ትዝ ሲላቸው መልሰው ገጠሙት።

ወይዘሮ በሰለች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገቡ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ የኃላፊውን ወንበር ትንሽ አዩት፤ አልተቀመጡበትም።

«ብርድ ልብሱን ግፈፍና ሰዓቱን ወደ ቦታው መልስ» አሉት እሱባለውን።

«ያለ ኃላፊው ፈቃድማ...» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ።

«ፈቅጃለሁ።»

እሱባለው ማሽኑን አጥፍቶ ሲያስነሣው ሰዓቱን አስተካከለ። ማረጋገጫው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሄደ። ወይዘሮ በሰለች ወደ መዝገብ ቤታቸው ተመለሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ወይዘሮ ኩብራ። ከበሩ መለስ ብለውም አቶ ወልደተንሣኤን «እንኳን ለሹመትዎ አደረሰዎ» አሏቸው፤ ወደ መኪናቸውም ሄዱ።

ወዲያው ታግዶ የከረመው ኢሜይል ይጎርፍ ጀመር። ከመካከሉ አቶ ወልደተንሣኤ ከመስከረም ጀምሮ ዐይናቸው እስኪቀላ የጠበቁት ጥሪ ወጣ። ሐዋሳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከነአበሉ፣ ለከፍተኛ አመራሮች የተዘጋጀ የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና። ትናንት ተጠናቋል።

ኃላፊው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሱባለው ወንድሜ፣ ሰዓቱን ለአንድ ሳምንት ብቻ ወደ ኋላ መልስልኝማ።»