ዋናውን ቃል ለሁለተኛው ቀን

እኛ «እምቢ» ሲሉን ደስ የሚለን ሰዎች ነን። አትሳቁ! ሽማግሌ ልከን የልጅቱ አባት በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ቢል፣ ከደጁ ሳንርቅ «ልጅቱ ምን ጉድ ቢኖርባት ነው?» ብለን ማማት እንጀምራለን። ወጉ ነዋ! አባት አንዴ ይመልሳል፤ ሽማግሌውም ዋናውን ቃል በሆዱ ይዞ ሄዶ በሌላ ቀን ያወጣዋል። እኔ ራሴ የተዳርኩት በሦስተኛው ምልልስ ነው፤ ያውም ጓዳ ሆኜ ልቤ ሊወጣ ደርሶ።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ይዤ ሮም ፍርድ ቤት ሄድኩላችሁ።

የእህቴን ልጅ ዮናስን ያሰሩት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በተነሳ ጠብ ነው። ሰው ተጎዳ፤ አንዱ «እሱ ነው» ብሎ ጠቆመው። ዮናስ ግን በዚያ ሰዓት ከእኔ ጋር ነበር! የማስታምማት ሲኞራ ቤት ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ አሮጊቷን አዝሎ አራት ፎቅ ያወጣታል፤ እሷ ጀርባው ላይ ሆና እንደ በቅሎ «ቶሎ! ቶሎ!» ትለዋለች፤ እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ እስቃለሁ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ይህን ምስክር ደበቅሁት።

ጠበቃችን «ያን ቀን የት ነበር?» ሲለኝ፣ «ኧረ ዮናስ ጨዋ ነው፤ ዝንብ አይገድልም!» አልኩት። ዮናስንም እስር ቤት ሄጄ መከርኩት። «የሲኞራዋን ነገር አሁን እንዳታነሳ። መጀመሪያ እንደሆነ ዳኞቹ እምቢ ማለታቸው አይቀርም፤ ዋናው ቃል ለምን ይባክናል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ፣ አክስቴ» አለኝ። እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነዋ።

«ይፈታልን» ያልነውን አቤቱታ፣ እንደጠበቅኩት፣ ውድቅ አደረጉት። ጠበቃው ፊቱ ጠቆረ። እኔ ትከሻውን መታ አድርጌ «አሎራ፣ እንግዲህ ገና አሁን ተጀመረ!» ብዬ የሲኞራዋን ነገር ከነደረጃው ዘረገፍኩለት።

እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። «ሲኞራ፣ ይህን ያወቁት መቼ ነው?»

«ከመጀመሪያውኑ!» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

ሁለተኛው አቤቱታ ከነአሮጊቷ ፊርማ ገባ። መልሱ ሲመጣ ጠበቃው ቀስ እያለ አነበበልኝ። እውነት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ይነገር ነበር፤ ከእምቢታ በኋላ የመጣ ምስክርነት አያሳምንም፤ ዮናስ ክርክሩ እስኪሰማ እዚያው ይቆይ። መቼ ነው የሚሰማው ብዬ ስጠይቀው፣ ወራት ይፈጃል አለኝ።

አልፈርድባቸውም። እነሱ ዘንድ እውነት በሩ እንደተከፈተ መግባት አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ድግሱ ከሞቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ግን እናቱ በስልክ «ልጄስ?» ስትለኝ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

ቅዳሜ ልጠይቀው ሄድኩ። ከስቷል፤ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል። መንገዱን ሙሉ ረጅም ይቅርታ ሳጠና ነበር። «ዮኒዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ አልኩ።

እጄን ያዘኝ። «ተይው፣ አክስቴ። ለሦስተኛው ምልልስ ምን አስቀርተሻል?»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ፊቴን እያየ ይጠብቃል።