የሬክስዴሉ አጋፋሪ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል። የትም አገር ብትሄዱ አታጡትም። ሠርግ ይሁን ልቅሶ፣ ባለቤቱ ሳይደርስ እሱ ደርሶ ወንበር ያስተካክላል። በድሮው ዘመን ይህ ሰው አጋፋሪ ይባል ነበር። በቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ በሩን የሚጠብቅ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ባለሥልጣን ነው። በሰሜን ተራሮች በኩል አገር ገዢው ራሱ በዚህ ማዕረግ ይጠራ ነበር። ዛሬ ማዕረጉ ወደ ቶሮንቶ ተሻግሮ ሬክስዴል ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል።

ክቡር አጋፋሪ ጋሽ ዘመድኩንን ማለቴ ነው። በሥራ ቀን ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ካርቶን ይደረድራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰው ይደረድራሉ። ጥቁር ሱፋቸው ሁልጊዜ መኪናቸው ውስጥ ተሰቅሎ ነው የሚኖረው። ሰው መቼ እንደሚያገባና መቼ እንደሚሞት አይታወቅማ።

የዘመኑ አጋፋሪ ሥራ ከጥንቱ ይበዛል። ፓርኪንግ አለ፣ ኮት ማስቀመጫ አለ፣ ሊፍት አለ። አንድ ጊዜ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ልቅሶ ቤት ሄድን። ሊፍቱ ጠባብ፣ ለቀስተኛው ብዙ ሆነና ጋሽ ዘመድኩን ደጃፉ ላይ ቆመው ሰዉን በዕድሜ ቅደም ተከተል ያስገቡ ጀመር። አንዲት ጃማይካዊት ጎረቤት የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ ብቅ ስትል፣ ዕድሜዋን በዓይናቸው መዝነው ከቄሱ ቀጥሎ አስገቧት። ሴትዮዋ ከነቅርጫቷ ልቅሶ ቤት ገብታ፣ ንፍሮ ቀምሳ፣ ትንሽም አልቅሳ ተመለሰች።

የሙያቸው ቁንጮ ግን ልመናው ነው። የእኛ ሰው የክብር ቦታ ሲሰጡት «እዚሁ ይበቃኛል» ይላል። ይበቃኛል ማለቱ ግን አይደለም። አንዴ እምቢ የሚለው ለይሉኝታ ነው፤ ሁለተኛው ጨዋ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ በሦስተኛው ነው ከወንበሩ የሚነሣው። ጋሽ ዘመድኩን «ኧረ አፈር ስሆን! ከፍ ይበሉ!» ብለው ሲጎትቱት፣ እየተግደረደረ፣ ውስጥ ውስጡን ደስ እያለው ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሠርግ መልስ ቤታቸው አደረስኳቸው። ቴሌቪዥኑ በባዶ ቤት ይለፈልፋል። «እንግዳ አለብዎት እንዴ?» ብላቸው፣ «የለም፣ ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነው» አሉኝ። የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ወንበሮቹ ተስተካክለው ቆመዋል፤ ሰው የተቀመጠበት የሚመስለው አንዱ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምሸት ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ርቃ ካልጋሪ ናት። ስልካቸው የሚጮኸው ሰው ሲድር ወይም ሲሞት ነው።

ታዲያ ባለፈው በጋ ወይዘሮ ይመኙሻል ልጇን ሶልያናን ልትድር ሆነ። ለጋሽ ዘመድኩን ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ በዚህኛው እርስዎ እንግዳ ነዎት። አንዴ እንኳ ተቀምጠው ይብሉልኝ። ድግሱን የሚመራ ኢቨንት ኮርዲኔተር ሃየር አድርገናል።»

«እሰይ! እኔም ወገቤ ደክሞኝ ነበር» አሉ።

ወዲያው ለእኔ ደወሉ። «በሩ ላይ ማን ሊቆም ነው?»

«ታብሌት የያዘች ልጅ ናት አሉ።»

«ታብሌት?» ብለው ስልኩን ዘጉት። ምን እንዳስፈራቸው ገብቶኛል። ሠርጉ ያለ እሳቸው ካማረ፣ ቀጣዩም ደጋሽ ኮርዲኔተር ይቀጥራል፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ያን ጊዜ ያ ስልክ የሚጮህበት ምክንያት አይኖርም።

የሠርጉ ቀን ልጅቷ፣ ዮዳሄ ትባላለች፣ በር ላይ ፈገግ ብላ ቆማለች። የመጀመሪያው ሽማግሌ ገቡ።

«ዌልካም! ቴብል ዋን ነዎት፣ ከፊት።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ እዚሁ በሩ ጋ ይበቃኛል።»

«ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም!»

ሽማግሌው ደንግጠው በሩ ጋ ተቀመጡ። ቀጣዩም «እዚሁ ይበቃኛል» አሉ፤ «ኦኬ!» ተባሉ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ሰው ያለውን ነው የሰማችው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የዘመዱ ሽማግሌ በሙሉ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ተጠቅጥቆ ተኮራርፎ ተቀመጠ። ከሙሽሮቹ መድረክ ፊት ያሉት ጠረጴዛዎች ወና ቀሩ። ሙሽሮቹ ደግሞ ደርሰዋል።

ጋሽ ዘመድኩን ግድግዳውን ተደግፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። ጥርሳቸውን ነክሰዋል።

«ጋሼ፣ ምነው አንድ ነገር ቢያደርጉ?» አልኳቸው።

«እኔ እንግዳ ነኝ» አሉ።

ይመኙሻል እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ በእናትዎ! ጉድ ሆንኩ!»

ለሥራ ሲሆን ልመና አይፈልጉም። ዘለው ገቡ። አንዱን «አፈር ስሆን!»፣ ሌላውን «እኔ ቆሜ እርስዎ እዚህ? በፍጹም!»፣ አንዲት አሮጊትን ደግሞ ከነወንበራቸው ወደ ፊት አሻገሯቸው። ያ ሁሉ ኩርፊያ ባንዴ ሳቅ ሆነ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ በእልልታ ተቀበላቸው። እኔም ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት ለሳቸው ነበር።

ሰው ምግብ ማንሣት ሲጀምር ዮዳሄ ወደ እሳቸው መጣች። «ጋሼ፣ ታንክ ዩ ሶ ማች! ቴብል ፎር ላይ ቦታ አለዎት፣ ይቀመጡ።»

«ግድ የለም ልጄ፣ እኔ ቆሜ ይሻለኛል።»

«ሹር?»

«አዎ።»

«ኦኬ!» ብላ ሄደች።

ጋሽ ዘመድኩን ከረባታቸውን አስተካከሉ። ልጅቷ የሄደችበትን አቅጣጫ ጥቂት አዩ፤ ትመለስ እንደሆነ ብለው ነው። አልተመለሰችም። ያኔ ነው የሰውዬው ኑሮ ሁሉ የገባኝ። በየዓመቱ አንዱ «ፋሲካን ከእኛ ጋር ይዋሉ» ይላቸዋል። «አይ፣ አትቸገሩ» ይላሉ። «እሺ፣ እንደተመቸዎት» ይባላሉ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። በዚህ ከተማ ሁሉም ለሺፍቱ ይሮጣል፤ ሁለተኛ ለመለመን ጊዜ ያለው የለም። ሦስት ጊዜ እየለመኑ ሌላውን ሲያስቀምጡ የኖሩት ሰውዬ፣ በአንድ «አይ» ብቻቸውን ይውላሉ።

ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ይምጡ አብረን እንብላ።»

«ብላ አንተ፣ እኔ በልቻለሁ።» ውኃ እንኳ አልቀመሱም።

«በሞቴ!»

«ክፉህን አልይ! ሂድ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝብህ።»

«አፈር ስሆን ጋሼ!» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። እንደ ግንድ ከበዱኝ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«አንድ ጊዜ ጨምር» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጮክ ብለህ።»

ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ ከሙዚቃው በላይ ጮህኩ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ይመኙሻልም ከወዲያ «ኧረ ጋሼ፣ ምነው!» አለች። ያን ጊዜ ጋሽ ዘመድኩን «ኤዲያ! ይሄ ልጅ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ እኮ!» እያሉ፣ ለሁሉም እያሰሙ፣ ተከተሉኝ።