ጠያቂ ያመጣው ኪኒን

አንባቢዬ ሆይ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ከቤቱ የተረፈውን ኪኒን ይዞ የሚሄድ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኛ ጎባ ውስጥ ሞልቶናል።

ጎረቤታችን የፍርድ ቤት ጸሐፊው አቶ ተሰማ እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ፣ ወጣቱ ሐኪም የደም ማቅጠኛ ኪኒን አዘዘላቸው። ጠያቂ ጎረፈ። የጊኒሩ ነጋዴ ሐጂ አደም፣ «ረቢ ኢሲን ሃ ፈዪሱ! አላህ ያሽርዎት! እኔን ከአልጋ ያነሣኝ ይህ ነው» ብለው አስፕሪን ሰጧቸው። እትዬ አስካለ የቁርጥማት ኪኒናቸውን አካፈሏቸው። አቶ ተሰማም የሰው እጅ መመለስ ነውር ነው ብለው ሁሉንም ዋጡ።

በሦስተኛው ቀን ጢማቸውን ሲላጩ ትንሽ ተጫሩ። ደሙ እስከ ቀትር አልቆመም። ቤቱ ለፋሲካ በግ የታረደበት መሰለ! እኛም ቀባሪ ልንሆን ነው ብለን ደነገጥን።

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። «ሌላ መድኃኒት ወስደዋል?»

«ኧረ በጭራሽ ዶክተር! የወዳጅ ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ራሱን ያዘ። «አስፕሪኑም የቁርጥማቱም ኪኒን እኔ ካዘዝኩት ጋር ሲደረቡ እኮ ደም አልቆም ይላል!»

ኪኒኑን ሁሉ አስቆማቸው፣ ቁስሉንም ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ማምሻውን ደሙ ቆመና ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ሐኪሙ ሊወጣ ሲል አስነጠሰው። አቶ ተሰማ ፈጥነው እጃቸውን ከትራሳቸው ሥር ሰደዱ።

«ይማርህ ልጄ! እንካ፣ ይቺን ዋጣት። አንተ ከለከልከኝ እንጂ ፍቱን ናት።»