በሌለ ፎቅ ላይ ወንበር ፍለጋ

ቤት የጠበበው ሰው ወይ አጥሩን ወደ ጎረቤት ይገፋል፣ ወይ ልጆቹን ይቆጣል። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ግን ሁለቱንም አላደረገም፤ ስልክ ውስጥ ፎቅ ሠራ! እንዴት ቢሉ፣ ወጣቶች በየቤታቸው ሆነው አንድ ላይ የሚታኮሱበትን ጨዋታ ያውቁ የለ? በዚያው ዘዴ ነው። ስልክዎን ይከፍታሉ፣ መልክ ይመርጣሉ፣ በደረጃው ሽቅብ ይወጡና አዳራሽ ውስጥ ከሰው ጋር ይገናኛሉ። አንድ ቀን ከጣና ዳር ስመለስ እውነተኛውን ቤት ቀና ብዬ አየሁት። ሠላሳ ወንበር አለበት በተባለው ቦታ፣ ቆርቆሮው ላይ አንዲት ቁራ ተቀምጣለች።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሁ ሰው ነኝ። እዚያ ፎቅ ላይ ለእኔ ቢጤዎች የሒሳብ ትምህርት ሊሰጥ ነው ሲባል ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ሕጉ አጭር ነው፦ ደወል ሲደወል የተቀመጠ ተመዘገበ፤ የቆመ ወደ ውጭ።

ቅዳሜ ልጄን ታቅፌ፣ በአንድ አውራ ጣት ገባሁና የመጨረሻዋን ወንበር ያዝሁ። እግሬ አላርፍ አለኝ። ደወሉ ምነው ዘገየ? ይኼኔ ጋቢ የደረቡ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ገቡ። ምን ላድርግ? ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ሳላስበው ተነሣሁ። «ኖር፣ አባቴ!» ብዬ ጻፍሁ። «በእግዜር» እንኳ ሳይሉ ዘፍ አሉ። ደወሉ ተደወለ፤ እኔ ውጭ።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ለምትጠብሰው፣ እንደ እኔው ትምህርት ላቋረጠችው ለጎረቤቴ ለዝናሽ ብሶቴን ብነግራት በሳቅ ፈነዳች። ያ ሽማግሌ ለካ እሷ ኖራለች! አንቺ ሞኝ፣ ጢሙ እኮ በነጻ ነው፣ ምን ከለከለሽ? አለችኝ። ወንበሬንስ ብላት፣ በሽማግሌ ላይ አፍ አትክፈቺ ብላ አረፈች።

እንዲህ ከሆነማ! ለሁለተኛው ዙር ምዝገባ እኔም ረጅሙን ጢም መርጬ ገባሁ። ምን ያደርጋል፣ የዝናሽ ብልኀት ከዓሣዋ ሽታ ፈጥኖ ከተማውን አዳርሷል፤ አዳራሹ ሽማግሌ በሽማግሌ ሆኗል! ሁሉም ቆመዋል። ጢሙ የውሸት መሆኑን እያንዳንዱ ያውቃል፤ ጉልበቱ ግን አላወቀም። አንዱ እርስዎ ይቀመጡ ይላል፣ ሌላው በፍጹም፣ እርስዎ ቆመው ይላል፣ ሦስተኛው እንዴት ተደርጎ ብሎ ይምላል። ሠላሳው ወንበር ባዶ ነው። ደወሉ ሊደወል ነው። ሌላ ዙር እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? ፊቴ እንደ እሳት እየጋለ፣ ተቀመጥሁ።

ደወሉ ያን ሁሉ ሽምግልና ጠርጎ አወጣው። መምህርቷ ገብታ ብቻዬን አገኘችኝ። ልቧ ተነክቶ፣ አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለመማር መጣርዎ እኛን ወጣቶቹን ያሳፍራል አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ስል ልጄ እሪ አለ። ማን እንደ ሆንሁ ላስረዳ ጊዜ የት አለኝ? ቸኩዬ ጻፍሁላት፦ «ይቅርታ መምህር፣ ጡት አጥብቼ ልመለስ።»