በኅዳር ውርጭ የጋለው ላፕቶፕ

ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ የሚተው የጥርስ ሕመም ታውቃላችሁ? ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግብ ከርሞ፣ ተራችሁ ደርሶ አፋችሁን ስትከፍቱ ጭጭ። ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ባለሙያ ሲያይ ጨዋ ይሆናል። ባለሙያ ስል ራሴን ነው። መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ የተበላሸ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው። ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

ባለፈው ኅዳር የኔታ ጥበቡ ጠሩኝ። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው በላከላቸው አሮጌ ላፕቶፕ የሟች መምህራቸውን ቅኔዎች፣ ከእሳቸው ራስ ውጭ የትም የማይገኙትን፣ በአንድ ጣት እየለቀሙ ይጽፋሉ። ላፕቶፑ ግን ድንገት ድርግም የሚል አመል አወጣ።

"ልጄ፣ ይኼ ዕቃ በጠፋ ቁጥር እኔም አንድ ስንኝ እረሳለሁ" አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ቀና ብዬ ባያቸው ቀልድ የለም። አንጀቴን በሉት።

ፍላሽ ላይ የያዝኩትን ጠጋኝ ፕሮግራም ከፈትኩ። ይኼ ፕሮግራም የላፕቶፑን ፋይል አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ የተበላሸውን በደህናው ይተካል፣ ዲስኩን ይመረምራል፣ ሲጨርስ በአረንጓዴ "ተስተካክሏል" ይላል። እውነትም አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ አይቼ፣ ምርቃቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤቴ ሳልደርስ ስልክ፦ "ጠፋ!" በማግስቱ ሄጄ ሚሞሪውን ሳይቀር አስመረመርኩ። ፊቴ ሲሆን ደህና፤ ፊቴን ሳዞር ድርግም። ሦስት ጊዜ! ሰው ቢሆን በሽማግሌ አስመክረው ነበር።

በአራተኛው ቀን ላፕቶፑ ራሱ ስለ መጥፋቱ የያዘውን መዝገብ ፕሮግራሙን አስነበብኩት። ምክንያቱን አወጣ፦ ከመጠን ያለፈ ሙቀት። ሳቄ መጣ። መንዝ ውስጥ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ሙቀት! እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን የምንሄድ ሰዎች እኮ ነን። ማቀዝቀዣ ማራገቢያውን ከፍቼ አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ ይዞራል። የታመመውስ ፕሮግራሙ ነው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሳልጠራ ጎራ አልኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው! ላፕቶፑ ስክሪኑና የፊደል ገበታው ብቻ ሲቀሩ ከሥር እስከ ጎን በወፍራም የበግ ጠጉር ባና ተጀቡኗል። የየኔታ ባለቤት እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን ጥለው ብድግ አሉና ባናውን ይገፍፉት ጀመር።

"በሞትኩት! እንግዳ ሲመጣ አነሣው ነበር፤ ተጀቡኖ እንግዳ ፊት ይቅረብ እንዴ?"

ለካ ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር "በርዶት ነው" እያሉ አንድ ዙር ይጨምሩለታል። ባናው ደግሞ የአልጋቸው ልብስ ነው፤ የኔታ ራሳቸው በስስ ነጠላ ኩርምት ብለዋል። ልቆጣ አሰብኩ፤ ቁጣው ከየት ይምጣ!

ባናው ወደ አልጋው ተመለሰ፣ ላፕቶፑም መጥፋቱን ተወ። ፕሮግራሙ በድንገት ሲጠፋ የተጎዱትን ጽሑፎች አንድ በአንድ መለሰልን። አንዷ ቅኔ ብቻ፣ ስትጻፍ ላፕቶፑ የጠፋባት፣ እምቢ አለች። የኔታ በቃላቸው ጀመሯት፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ። ግንባራቸውን ያዙ።

"ሄደች" አሉ። መምህራቸው የሞቱት ያን ዕለት ይመስል ነበር። 

እትዬ አስካለ ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ ቅኔዋን በግዕዝ ያወርዷት ጀመር። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው፣ ዜማውን ሳይስቱ።

"አንቺ ደግሞ ይኼን ከመቼ ወዲህ?" አሉ የኔታ።

"እርስዎ እኮ ጮኸው ነው የሚጽፉት።"

የኔታ ላፕቶፑን ሳቡ። እትዬ አስካለ ሲነግሯቸው፣ እሳቸው ቃሉን እየደገሙ በአንድ ጣት መልቀም ያዙ። እኒያ ስንቱን ተማሪ ያስለቀሱ ሰው! መሀል ላይ እትዬ አስካለ እንዝርቱን ያዝ አደረጉና፣

"አንድ ቃል ዘለሉ" አሏቸው።

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ወደ ኋላ ተመልሰው አስገቡት።