የአራቱ ካንዴላዎች ዝርዝር የአፈጻጸም ዕቅድ

ምስጋና ለዕቅድ ይሁንና፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ዕቅድ የምትንቀሳቀስ ፍጡር ድመቷ ብቻ ነበረች። አባወራው ሃያ ስድስት ዓመት የዕቅድና ክትትል ኃላፊ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩም በፊታቸው በአክብሮት፣ በኋላቸው በሹክሹክታ «አቶ ዕቅድ» ይላቸዋል። ጡረታ የወጡ ዕለት ቢሮው አለቀሰ ይባላል። ከኀዘን ይሁን ከደስታ እስካሁን አልተጣራም።

የእኚህ ሰው አሮጌ መኪና አንድ ቅዳሜ ጠዋት መንተፋተፍ ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ ድምጿን በአጥሩ በኩል ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ ለሞተሯ እሳት የሚጭረው ካንዴላ አልቋል። አራቱን መቀየር ነው፤ ሻይ እስኪፈላ እጨርስልዎታለሁ» አላቸው። እሳቸው ግን ያለ ጥናት ቶሎ የሚጨርስ ሰው ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

ለባለቤታቸው ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሁለት ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀዶ ሕክምና አላቸው። ለዚህች ቀጠሮ ሰባት ወር ጠብቀዋል። ያለፈችው ሰው ወረፋውን እንደገና ከጭራው ይጀምራል፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ታክሲ የማይደርስበት የከተማው ዳር ላይ ነው።

«መካኒኩን ጥራውና ይገላግለን» አሉ ሴትየዋ።

«ያን ሁሉ ፕሮጀክት የመራሁ ሰው አራት ካንዴላ ያቅተኛል?»

«አንተ የመራኸው ወረቀት ነው። ይሄ ብረት ነው።»

አስተያየቱ ገንቢ ሆኖ ባለመገኘቱ በቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ታለፈ። ጸሐፊ ሆኖ የተሾመው የሴትየዋ ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ነበር። ምሳ ሳይደርስ ባለ ዘጠኝ ገጽ ዕቅድ ተዘጋጀ። ምዕራፍ አንድ፣ መንቀል። ምዕራፍ ሁለት፣ መትከል። ከሥሩም በወፍራሙ ተሰምሮበት፦ «ምዕራፍ አንድ መቶ በመቶ ሳይጠናቀቅ ወደ ምዕራፍ ሁለት መሸጋገር በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ልብስ ሰፊው ከመኪናዋ ኮፈን ሥር አጎንብሶ ትንሽ አሰበ። «ጋሼ፣ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅለን፣ ካንዴላውን ቀይረን፣ ገመዱን እዚያው መልሰን ወደሚቀጥለው ብንሄድስ? እኔ የሸሚዝ ቁልፍ ስቀይር እንኳ አንድ በአንድ ነው።»

«ምዕራፎቹ ተደበላለቁ ማለት ነዋ። ሪፖርቱ ላይ ምን ብለን ልንጽፍ ነው?»

«ካንዴላው ተቀየረ ብለን።»

«አንተ ባለሙያ አይደለህም» አሉት በርኅራኄ።

አራቱም ገመዶች ከሁለቱም ጫፋቸው ተነቀሉ። ታጥበው፣ ተወልውለው፣ ጨርቅ ላይ ተደረደሩ። እሑድ አዲሶቹ ካንዴላዎች ገቡ፤ መቼም እውነት ይነገር፣ ጥብቅ ብለው ነው የገቡት። የቀረው ገመዶቹን ወደየቦታቸው መመለስ ነበር። የትኛው ከየት እንደወጣ ግን ከዘጠኙ ገጽ አንዱም አይናገርም። መጀመሪያ በርዝመታቸው ቅደም ተከተል ተሰኩ፤ መኪናዋ በጭስ ማውጫዋ ተኩሳ የጎረቤቱን ዶሮዎች በተነች። ቀጥሎ በድምፅ ብልጫ ተሰኩ፤ ሞተሩ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፈጻጸሙ ዘጠና አምስት በመቶ መድረሱ ተበሰረ። ቀሪዋ አምስት በመቶ የመኪናዋ መነሳት ብቻ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሴትየዋ ሹራባቸውን ደርበው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ሳሎኑ በር ላይ ቆሙ።

«ተነሳች?»

«ተቀመጪ፤ አስቸኳይ ግምገማ ጠርቻለሁ። መጀመሪያ የማነቆዎቹን መንስኤ ለይተን...»

«አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ጥላ ነው የሚታየኝ። የልጄ ልጅ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ሌላ ሰባት ወር ግድግዳ እየዳበስኩ ልኑርልህ?»

«ይሄ በስጋት ዝርዝሩ ላይ ሰፍሯል። ተራ ቁጥር ሦስት።»

ሴትየዋ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

አቶ ዕቅድ ለብቸኛው ተሰብሳቢ ለልብስ ሰፊው የመክፈቻ ንግግር ማሰማት ጀመሩ። የትብብርን አስፈላጊነት ጨርሰው ወደ ቅንጅት ሲሻገሩ ከግቢው ድምፅ ተሰማ። ሞተር ነው፤ የማይንተፋተፍ፣ የማይተኩስ፣ ደህና ሞተር።

«ይመዝገብ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ግምገማው በተጀመረ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሞተሩ ተነስቷል።»

ልብስ ሰፊው በመስኮት አየ። «ጋሼ፣ ያስነሳትማ መካኒኩ ነው። ገመዶቹን አዘዋውሮ ሰክቷቸዋል። እህቴም አጠገቡ ተቀምጣለች።»

«መካኒኩ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የተካተተው?»

ልብስ ሰፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እየሮጠ ወጣ። የመኪናዋ የኋላ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ግቢው ጭር አለ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልክ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ነው። «ደርሰናል ጋሼ፤ ቀሚስ ቀይረውላት ገብታለች። ነርሷ ባለቤቷ የት ነው እያለች ነው፤ ምን ልበላት?»

«ስብሰባ ላይ ነው በላት።»

ስልኩን ዘግተው ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ አምስት በመቶዋን ደመሩ፤ ለባዶው ሳሎን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ተቃውሞ ካለ ጠየቁ። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያም እጃቸውን አወጡ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።